የኔ ማር፣ ቅዳሜ ካፌው በር ላይ

[ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ አጠገብ ያለ ካፌ በር ላይ። ጓደኞቹ ሊቁ የሚሉት የድረ ገጽ ባለሙያ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ባለ ሁለት ወንበር ጠረጴዛ ይዟል። ሁለተኛው ወንበር ላይ ግን የዋሁ ጉብ ብሏል፤ ሊቁ የሚወዳት ልጅ ወንድም ነው።]

ሊቁ፦ ተነስ አልኩህ! ወንበሩ ሰው አለው።

የዋሁ፦ አዎ፣ እኔ አለሁበት።

ሊቁ፦ ሌላ ሰው! የምጠብቀው ሰው አለ።

የዋሁ፦ አውቃለሁ፣ እኔን ነው። ይኸው መጣሁልህ።

ሊቁ፦ ማን ጠራህና?

የዋሁ፦ አንተ ነሃ! ለእማዬ የጥርስ ክሊኒክ የሠራኸውን ድረ ገጽ ስከፍት ያንተ መልእክት ብቅ አለ። "የኔ ማር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ካፌው በር ላይ እጠብቅሻለሁ፤ ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ያንቺው ሊቁ።" [ዝቅ ባለ ድምፅ] ማር ስትለኝ ትንሽ አፈርኩ። በሴት መጥራትህን ግን የፊደል ግድፈት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሊቁ፦ [ደንግጦ] እሱ... እሱ የሙከራ ጽሑፍ ነው! ደግሞም ላንተ ሊታይህ አይችልም!

የዋሁ፦ ታየኝ እኮ።

ሊቁ፦ አይችልም! ሳይንስ ነው!

የዋሁ፦ እንግዲህ ዓይኔ ሳይንስ አልተማረም።

ሊቁ፦ ስማ፣ ላስረዳህ። ድረ ገጹን የሚያሠራው ሰርቨር የሚባል ማሽን ነው። እዚያ ውስጥ እኔ ያልሠራኋቸው፣ ከፕሮግራሙ ጋር አብረው ተሠርተው የሚመጡ፣ ኦብጀክት የሚባሉ ዕቃዎች አሉ።

የዋሁ፦ ከግድግዳው ጋር ተሠርቶ እንደሚመጣ ቁም ሳጥን?

ሊቁ፦ ጎሽ! አንደኛው ሪኩዌስት ነው፤ አንተ ገጹ ላይ የጻፍከውን ተቀብሎ ያስገባል። ሁለተኛው ሪስፖንስ ነው፤ መልሱን ይዞልህ ይወጣል።

የዋሁ፦ አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ? ምን ዓይነት መተላለፍ ነው! አንድ ጠንካራ ሰው ቢቀጥሩ አይሻልም?

ሊቁ፦ ሰዎች አይደሉም!

የዋሁ፦ በለኛ! በከንቱ አማኋቸው።

ሊቁ፦ ሦስተኛው ሴሽን ነው። እሱ እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ ያስታውሳል፤ ያንተን ላንተ፣ የሷን ለሷ። ግን ጥቂት ደቂቃ ዝም ካልከው እርግፍ አድርጎ ይረሳሃል።

የዋሁ፦ ምነው እህቴን እንደሱ ባደረጋት! አምና ያስቀየምኳትን ዛሬም ስትቆጥርብኝ ነው የዋለችው።

ሊቁ፦ እኔም ለዚህ ነው ሴሽንን የተውኩት። ፍቅር እንዴት ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል? ማለቴ... የሙከራው ፍቅር። አፕሊኬሽን ላይ አስቀመጥኩት።

የዋሁ፦ ለማን አመለከትክ?

ሊቁ፦ ምን?

የዋሁ፦ አፕሊኬሽን ማመልከቻ አይደል? ሥራ ልትቀይር ነው?

ሊቁ፦ ኤጭ! አፕሊኬሽን ማለት ሰርቨሩ እስኪጠፋ ድረስ የማይረሳ፣ ገጹን የከፈተ ሰው ሁሉ የሚጋራው ኦብጀክት ነው!

የዋሁ፦ ሁሉ?

ሊቁ፦ ሁሉ! በሽተኛው፣ አስታማሚው፣ እንግዳ ተቀባይዋ፣ ሐኪሟ... [ድምፁ እየሟሸሸ] እናትህ...

[ጉንጩን በሻርፕ የጠቀለለ ሰውዬ መጥቶ በሩ ላይ ይቆማል። ከኋላው ሁለት ሴቶች መንጋጋቸውን ይዘው ይከተላሉ። ከነሱም ኋላ ሌሎች ይመጣሉ።]

ሊቁ፦ እነዚህ ምን ፈልገው ነው?

የዋሁ፦ ቆይ ልጠይቅልህ። [ሄዶ ይመለሳል] ሕክምናው ወደ ካፌው የተዛወረ መስሏቸው ነው። ሰውዬው ግን ማር መባሉ ከንክኖታል። "ጥርሴን የጨረሰው ጣፋጭ ነው፣ ደግሞ በዚህ ይቀልዱብኛል ወይ?" ይላል።

ሊቁ፦ ወይኔ ጉዴ! ስህተት ነው በላቸው!

የዋሁ፦ ብያቸው ነበር፤ ከመጣን አይቀር ብለው ተሰለፉ። እኚያ ባልቴት ደግሞ "ለእናትሽ እንዳትነግሪ ይለኛል፣ እናቴ ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ ለማን ልነግር ኖሯል?" እያሉ ነው።

ሊቁ፦ ሮጬ ሄጄ ልሰርዘው!

የዋሁ፦ በዚያ በኩል አትሩጥ፤ እማዬ እየመጣች ነው።

ሊቁ፦ ነገርካቸው?!

የዋሁ፦ እኔ? እንዳትነግሪ ብለኸኝ? ክሊኒኩ ጭር ሲልባት በሽተኞቿን ፍለጋ ወጥታ ነው። ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም።

ሊቁ፦ [ጠረጴዛው ሥር እየገባ] እህትህስ? አብራቸው አለች?

የዋሁ፦ የለችም።

ሊቁ፦ አገር ምድሩ መጥቶ እሷ ብቻ ቀረች? በቃ፣ አይታው ንቃኛለች!

የዋሁ፦ ኧረ አላየችውም! እሷ ጥርሷን አሟት አያውቅ፣ የጥርስ ክሊኒክ ገጽ ምን ልታደርግ ትከፍታለች?

[ሊቁ ጠረጴዛው ሥር ግንባሩን በመዳፉ ይመታል።]

የዋሁ፦ ቆይ ግን፣ ስልኳ የለህም እንዴ?

ሊቁ፦ [በቀጭን ድምፅ] አለኝ።

የዋሁ፦ [ስልኩን አውጥቶ ይደውላል] ሄሎ፣ እህት ዓለም! ካፌው በር ላይ ነይ፤ ሊቁ ጠረጴዛ ሥር ሆኖ እየጠበቀሽ ነው።

[ሐኪሟ ትደርሳለች። ጎንበስ ብላ የጠረጴዛውን ጨርቅ ትገልጣለች።]

የዋሁ፦ [በስልኩ] አይ፣ ብቻውን እንኳ አይደለም። እማዬ አፉን እያስከፈተችው ነው።