የእትዬ ዘነበች አያት በአምባላይ ፈረስ

አያቱ ከጦር ሜዳ የሸሸበት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። አሰላ ውስጥ በየሳሎኑ ጥግ ቁጭ ብዬ ስሰማ እንዳደግኩት፣ የሁሉም ሰው አያት ከፊት ነበር። ከኋላ ሆኖ በቅሎ የጠበቀው፣ እግሩ ወለም ብሎት የቀረው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ምናልባት ዘር ሳይተካ አልፎ ይሆናል።

የእኛ ቤቱ ደግሞ ከፊት መሆን ብቻ አልበቃውም፣ ሥዕል ላይም ወጥቷል። እንዲህ የሚሉት አክስቴ እትዬ ዘነበች ናቸው። ወደ ሲሬ በሚወስደው መንገድ፣ አንድ የቆየ ደብር ግቢ ውስጥ ክብ አዳራሽ አለ። ከጣልያን ጋር የተደረገውን ጦርነት የሚያሳይ ሥዕል ከበሩ ግራ ተነስቶ፣ ግድግዳውን ሁሉ ዞሮ፣ በበሩ ቀኝ ያልቃል። አያታቸው እዚያ ላይ በአምባላይ፣ በነጭ ፈረስ ተቀምጠው እንደሚታዩ አባታቸው ነግረዋቸዋል። አይተውት ግን አያውቁም።

የሟች ባላቸው ወንድም ጋሽ በቀለ፣ የኢተያው እህል ነጋዴ፣ ይህን ወሬ በሰሙ ቁጥር፣ "ፈረሱንም የገዛሽላቸው አንቺ ነሽ" ይላሉ። ዘንድሮ አክስቴ መረራቸው። "የዚህን ሰውዬ አፍ ሳልዘጋ አልሞትም!" አሉና አባቴን ሚኒባስ አስከራዩት። ኢተያ ላይ ጋሽ በቀለን ጭነን ሄድን።

አዳራሹ መሃል ስትቆሙ ጦርነቱ ይከባችኋል። መሸሻ የለም። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካክለው ከበሩ ጀምረው ፈረስ በፈረስ ፈተሹ። ድንገት እልልታቸውን አቀለጡት።

"ይኸው! አምባላይ ፈረስ፣ ኮርቻው ላይ ቀይ ግላስ! አባቴ እንደነገረኝ!"

ቀና ብዬ የፈረሰኛውን ፊት አየሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሰው ስሸሽ የምደበቀው ቤተ መጻሕፍት ነበርና እንዲህ ያለውን ነገር አንብቤያለሁ። የድሮ ሠዓሊዎቻችን የወገንን ፊት ሙሉውን ይስሉታል፣ ሁለቱም ዓይኖች ይታያሉ። ጠላትን የሚስሉት በጎን ነው፣ ባለ አንድ ዓይን አድርገው። የአምባላዩ ጌታ አንድ ዓይን ነው ያላቸው። ወይ ሰውየው ሌላ ናቸው፣ ወይ ቅድመ አያቴ ባንዳ ነበሩ።

ጋሽ በቀለም ዓይናቸው ስል ነው። "ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ሁለት ዓይን ይዞ፣ ያንቺ አያት አንዱን የት ጣሉት?" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ኮቱ፣ ነይ እስቲ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ። ንገሪን።"

እኔ እኮ የባጃጅ ሹፌርን "እዚህ ጋ አቁምልኝ" ማለት አፍሬ ቤቴን አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ። አክስቴ አዩኝ። እኒያ ለማንም የማይለማመጡ ዓይኖች ተለማመጡኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልል እንደነበር ዛሬም አላውቅም። እሳቸው ቀደሙኝ።

"ልጅቷን ምን አስጨነቅሃት? ጠላታቸውን እያዩ ነዋ! ጦር ሜዳ መሃል አንተን ይዩልህ?"

ጋሽ በቀለ ሌሎቹን ቃኙ። "እና እነዚህ ምን ሆነው ነው እኛ ላይ የሚያፈጡት?"

"እነሱማ ፎቶ ሊነሱ ነው የመጡት!"

 ጋሽ በቀለ ኮፍያቸውን አወለቁ። "በዚህስ አሸነፍሽኝ።"

ፎቶ ለመነሳት ከፈረሱ ሥር ተሰለፍን። "ማንም ወደ ካሜራ እንዳያይ! እንደ አያቴ!" ሲሉ አክስቴ አዘዙ። ቤተሰቡ በሙሉ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። ጋሽ በቀለ ከሁሉም በላይ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። እኔ ብቻዬን ከነሁለት ዓይኔ ቀረሁ። ትንሽ አመነታሁ። ከዘመድ ተነጥሎ አርበኛ መሆንም ብርድ ብርድ ይላል፤ ዞርኩ።

ፎቶው ዛሬ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። የመጣ እንግዳ ሁሉ፣ "ሁላችሁም ወደዚያ ዞራችሁ ምን እያያችሁ ነው?" ይላል። እኛ በዞርንበት በኩል፣ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰልፈው የነበሩት እነዚያ ባለ ሁለት ዓይኖቹ አርበኞች ናቸው። እትዬ ዘነበችና ጋሽ በቀለ ግን በአንድ አፍ ይመልሳሉ፦

"ጠላት!"

እኔ ሻይ እቀዳለሁ።