ለቴሌቪዥኗ ሙሽራ የተጸለየ ጸሎት

እህት አስቴር በሰው ፊት አዋርዳኛለች። «አንዲት ጎረቤቴ» ብዬ ስሟን መደበቅ እችል ነበር፤ ግን እሷ የእኔን ገመና መቼ ደበቀች?

ሰው የሚፈራው አደጋ ሲመጣበት ነው ይላሉ። ውሸት! ጅብ ቢመጣ እሮጣለሁ፤ እሱ የእግር ጉዳይ ነው። ፍርሃት ማለት በር ቆልፎ፣ ሶፋ ላይ ተደላድሎ፣ በአዳማ ሙቀት እጅ ሲበርድ ነው። ፈሪን ውሃ ውስጥም ያልበዋል አይደል? እኔን በግንቦት ያንቀጠቅጠኛል። ያንቀጠቀጠችኝ ነርሚን ናት፤ ማታ ማታ በአማርኛ ተተርጉሞ የሚታየው የውጭ ድራማ ሙሽራ። አማቷ ሻይዋ ውስጥ መርዝ ልትጨምር አስባለች። ተዋናይ መሆኗ ጠፍቶኝ ነው? ደሞዟን ተቀብላ፣ እራቷን በልታ እንደምትተኛ አውቃለሁ። ታዲያ ልቤ ለምን አያውቅም? የተማሩት ይመልሱት፤ እኔ ከመሠረተ ትምህርት አላለፍኩም።

እናም አስቴር ቤት በሚደረገው የሴቶች ጸሎት ላይ፣ የዘወትር መሪዋ እኔው ነኝና፣ «አንዲት የማውቃት ሙሽራ አማቷ ልታጠፋት ነው፤ እንጸልይላት» አልኩ። ምኑ ላይ ነው ውሸቱ? ከገዛ ልጆቼ ይልቅ በየቀኑ የማያት እሷን ነው። ቤቱ ተናወጠ! አዴ ጫልቱማ «ያ ዋቃዮ!» እያለች በኦሮምኛ አምላኳን ስትጠራ ምንጣፉን በእንባ አራሰችው። ለእኔ የጉልበት ሕመም እንዲህ ተጸልዮ አያውቅም።

ይኼኔ አስቴር አንድ ዓይኗን ገልጣ፣ «እትዬ፣ የሚሏት ሙሽራ ነርሚን እንዳትሆን ብቻ!» አትልም? ሳቁ ጣሪያ ነካ። አልበቃት ብሎ፣ መሪያችን ደክሟቸዋልና ለጊዜው ይረፉ፣ እኔ ልተካ አለች። ቆይ፣ የነርሚንን ስም ከየት አመጣችው? ከመዝሙር መጽሐፍ? ደጇን ዳግም ላልረግጥ ምዬ ወጣሁ።

የዚያኑ ዕለት ምሽት አማትየዋ ሻዩን አቀረበች። ነርሚን ብርጭቆውን አነሳች፤ ወደ ከንፈሯ አስጠጋች፤ መብራት ድርግም! ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። ትጠጣው አትጠጣው ማን ይንገረኝ?

በነጋታው ጠዋት ኩራቴን ከነጠላዬ ጋር ተከናንቤ አስቴር በር ላይ ቆምኩ። ልጆቿ ያለፈውን ክፍል ከስልክ ላይ አያጡትም ብዬ ነው። ባንኳኳ መልስ የለም። ገፋ አድርጌ ብገባ፣ አዴ ጫልቱና ሌሎቹ ሳሎኑን ሞልተው ተንበርክከዋል። ለካ የእነሱም መብራት ጠፍቶ፣ ኔትወርኩም ተከትሎት ኖሯል! አስቴር ዓይኗን ጨፍና፣ «ጌታ ሆይ፣ ሻዩን ድፋው!» ትላለች።

እንዲህ ነው እንዴ የሚጸለየው? ጠጋ በይ አልኳትና፣ መሃል ገብቼ ጸሎቱን እኔው መራሁት።