ብሳናው ያገሳ ዕለት

ይሻው፦ ካርቦን ነው የምልህ። ቤት ዘግተው ከሰል ሲያነዱ ሰው የሚጨርሰው፣ እሱኑ ነው ዛፍህ የሚውጠው።

አለሙ፦ ይዋጠው ታዲያ፣ አያ ይሻው። ከእኔ እሱ ቢውጠው አይሻልም?

(ጋፋት አጠገብ፣ ሁለት ጓሮ የሚለይ አጥር ላይ። ይሻው ከደብረ ታቦር ሥልጠና ገና መመለሱ ነው። ሥልጠናው የጓሮ ዛፍ እንዳይቆረጥ የሚመክር ነበር፤ እሱ ይዞ የመጣው ግን ካርቦን የምትለዋን ቃልና ኮፍያውን ነው። የአለሙ ብሳና አጥር ተሻግሮ የይሻው ድንች ላይ ጥላ እየጣለ ስላንገበገበው፣ ዛሬ በሳይንስ ሊያስቆርጠው ተነስቷል። አለሙ አባቱ የተከሉትን ግንድ ተደግፎ ጌሾ ይለቅማል። ነገር ቶሎ አይገባውም ይሉታል።)

ይሻው፦ ከአባትህ ጀምሮ ሲውጥ ኖረ። አሁን ጠግቧል። አንድ ቀን ያገሳና መንደሩን ይፈጀዋል።

አለሙ፦ ንቦቹ ግን ሲያብብ አይጠፉበትም።

ይሻው፦ ንብ ሥልጠና ገብታለች? መጥረቢያ አምጣ።

(አለሙ አመጣ። ይሻው ድንቹ ፀሐይ ሲሞቅ ከወዲሁ ታየው። የአለሙ ክንድ ግን እንደተነሣ አየር ላይ ቀረ።)

አለሙ፦ ስቆርጠው የዋጠው ወጥቶ እኔን ቢደፋኝስ?

ይሻው፦ (ኮፍያውን እያቃና) ይኼን በደንብ ተምረናል። ካልተቃጠለ አይወጣም። ማገርም አድርገው ወንበር፣ እንጨቱ ውስጥ እንደታሰረ ይኖራል።

አለሙ፦ እንግዲያ አምና ከጓሮዎ የጣሉት ጽድ...

ይሻው፦ እሱማ አልጋ ሆነ።

አለሙ፦ የሚተኙበት?

(ከይሻው ጓሮ የጎመን ቅንጠሳ ድምፅ ቆመ። ሚስቱ እመቤት ስትሰማ ነበር። ሞት የታሰረበት አልጋ እኔ ቤት አያድርም፣ ያመጣውም አብሮት ይውጣ ብላ አልጋውን እየጎተተች ጓሮ አወጣችው። ይሻው ውሸቴን ነው እንዳይል ኮፍያው ሊወልቅ ነው፤ ጋቢውን ይዞ አልጋውን ተከተለ። አመሻሹ ላይ የጉና ዝናብ መጣ። ጓሮውን ዞሮ ቢያይ ጎመንና ድንች ብቻ፤ ዛፉን ሁሉ ራሱ ጨርሶታል። አልጋውን ጎትቶ፣ አጥር ተሻግሮ በመጣው የብሳና ቅርንጫፍ ሥር አስጠጋው።)

አለሙ፦ (ከአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ) አያ ይሻው፣ መጥረቢያው እንደተሳለ ነው። ልቁረጠው?

ይሻው፦ (ጋቢውን እስከ ኮፍያው እየሳበ) እስቲ ዝናቡ ያባራ።