ሽማግሌ ልኬ ሱሪ የተመለሰልኝ ቀን

ሚስቴ እዚህ ኮሜንት ላይ መጥታ ሳታዋርደኝ ራሴ ብናገረው ይሻለኛል!

ዛሬ ምሳ ላይ፣ ልጆቼ ፊት፣ አማቾቼ ፊት፣ የልጅ ልጆቼ ፊት፣ ጉድ ሆኛለሁ። ወላሂ ጉድ!

ግን እንዲገባችሁ መጀመሪያ ወደ ደርግ ዘመን ልመልሳችሁ። አትሰልቹ፣ አጭር ነው። (ውሸቴን ነው፣ አጭር አይደለም።)

ያኔ ጅማ፣ በቾ ቦሬ የምኖር ወጣት የሳይንስ መምህር ነኝ። ፀጉሬ አፍሮ፣ ሱሪዬ ቤልቦተም፣ ኪሴ ባዶ። ዘሃራ የምትባል የአጋሮ ልጅ ደግሞ ልቤን ይዛዋለች።

ዘሃራ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበረች። እኔ ከጅማ ጠመኔ ሳደርስ እንገናኛለን። "እንገናኛለን" ስል፣ እኔ ጠመኔውን እሰጣለሁ፣ እሷ መሬት መሬት እያየች "አላህ ይስጥልኝ" ትላለች።

በቃ! ፍቅራችን ይቺው ናት! ቻት የለ፣ ኢሞጂ የለ!

ትፈልገኝ አትፈልገኝ አላውቅም። ማን ይጠይቃታል? ያኔ የሚጠየቀው አባት ነው።

አባቷ ጋሽ ሙክታር ደግሞ አንዴ ሽማግሌዎቼን መልሰውብኛል። ልቀየማቸው ብልም አልቻልኩም፤ ምክንያታቸው አንጀት ይበላል። የዘሃራ ታላቅ ወንድም ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው ያለው፤ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል።

"አንዱን ልጄን ሩቅ አገር ሰጥቻለሁ" አሉ። "መምህር ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ ዝውውር ደርሶት ሌላ ክፍለ ሀገር ነው። ሁለተኛዋን አልሰጥም።"

ከቤታቸው ጀርባ የሚኖር አንድ ነጋዴም ጠይቋታል። ከጀርባቸው! ወጥ ቢያንሳቸው ተጣርተው የሚቀበሉት ጎረቤት! እንዴት ብዬ ልወዳደረው?

በስንት ልመና አንድ የመጨረሻ ቀጠሮ ሰጡን። ያን ቀን እምቢ ካሉ ዘሃራ የነጋዴው ናት።

ሽማግሌዎቼ ሁለት ናቸው። አንዱ አጎቴ ሀጂ ከድር፤ ቁጥብ፣ ኩሩ፣ ነጭ በነጭ ለባሽ። ሌላው ጎረቤታችን አባ ገሮ፤ ግዙፍ፣ አፈ ማር፣ ሆደ ቡቡ። ሹፌሩ እኔ ነኝ፤ መኪናዋ የአጎቴ። አሮጌ፣ ትንሽዬ፣ ባለ ሁለት በር ናት። ውስጧ የገባ ሁሉ ስለሚፈላ ሰፈሩ "ጀበና" ይላታል።

ወሩ መጋቢት ነው! የአጋሮ መንገድ ያኔ ኮረኮንች ነው! መስኮት ከከፈትክ ሽማግሌዎችህ ከወፍጮ ቤት የመጡ መስለው ይደርሳሉ። ከዘጋህ ይቀቀላሉ።

ኤሲ? ኤሲ የሚባለው ቃል ራሱ ጅማ አልገባም!

ግን እኔ የሳይንስ መምህር ነኝ እኮ! የጭነት መኪና ሹፌሮች ውሃቸውን በእርጥብ ሸራ ከረጢት ከመኪናው ፊት አንጠልጥለው ሲያቀዘቅዙ አይቻለሁ። ትነት ነው! ሰሌዳ ላይ ስዬ አስተምሬዋለሁ! እርጥብ ሸራ ውሃን ካቀዘቀዘ፣ እርጥብ ጆንያ ሽማግሌን የማያቀዘቅዝበት ምን ምክንያት አለ?

(አሁን ሳነበው እኔንም አሳቀኝ።)

በጠዋት ባዶ የቡና ጆንያ ለቃቅሜ ባልዲ ውስጥ ነከርኩ። ወንበሩ ላይ ደራርቤ አነጠፍኩ፣ የኋላ መስታወቱን ጋረድኩበት፣ ጣሪያው ላይ የኮባ ቅጠል በገመድ አሰርኩ። ጆንያው ላይ ላስቲክ ላድርግ ብዬ ነበር፤ ትነቱን ያፍነዋል ብዬ ተውኩት። ብርድ ልብስ ብቻ ጣል አደረግኩበት።

ሳይንስ ነዋ!

አባ ገሮ ገና ሲቀመጡ "ሱብሃነላህ! ጀነት ነው እንዴ?" አሉ። አጎቴ እንኳን ፈገግ አሉ፤ አጎቴ በኢድም ፈገግ አይሉም። እኔ መሪው ላይ ደረቴን ነፋሁ።

ከተማውን ወጣን። አቧራው መጣ። መስኮቱን ዘጋን።

ያ የተከበረው ትነት መውጫ አጣ!

መስታወቱ ላበው። የአጎቴ መነጽር ላበው። አባ ገሮ ላባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሽማግሌ ነው የላክኸው ወይስ ድንች ነው የምትቀቅለው?" አሉኝ። የኮባው ቅጠል እንደሆነ ገና ግማሽ መንገድ ሳንደርስ በረረ።

ይባስ ብሎ ኬላ ደረስን።

ያኔ ቡና በግል ማጓጓዝ ቀልድ አይደለም፤ ያስራል። የኬላው ጠባቂ ከመስታወቱ ጀርባ የተጋረደውን የቡና ጆንያ ሲያይ ዓይኑ በራ። "ያዝኳችሁ!" የሾለ መውጊያ ብረቱን ይዞ መጣና አባ ገሮ በተቀመጡበት ጆንያ ጎን ሻጥ አደረገው።

ውሃ ወጣ።

ብረቱን አየ። አባ ገሮን አየ። እኔን አየ።

"ጓድ፣ ውሃ ነው የምታሸሹት?"

"ሽማግሌዎቹን እያቀዘቀዝኩ ነው" አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

አለቃው እስኪመጣ አስቆመን፤ ሽማግሌዎቹ ከመኪናው እንዳይወርዱ ተከለከሉ። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ እርጥብ ጆንያ ላይ! አለቃው መጥቶ በሳቅ ከሞተ በኋላ "ሂዱ፣ ሳይበርዳቸው አድርሳቸው" አለኝ።

አጋሮ ስንደርስ ጋሽ ሙክታር ደጅ ቆመው ይጠብቁናል። ሽማግሌዎቼ ወረዱ።

ያ ረቢ!

የአጎቴ ነጭ ሱሪ ከኋላው ርሶ፣ የጆንያው ቀለም ወጥቶበት ቡኒ ካርታ ሆኗል። የአባ ገሮ ካኪማ አይወራ! ማድረቂያ ጊዜ የለም፣ ባለቤቱ እያዩን ነው። ሁለቱም ጀርባቸውን ወደ አጥሩ ሰጥተው በጎን በጎን እየሄዱ ገቡ። አጎቴ ዞር ብለው ያዩኝ አስተያየት እስከ ዛሬ ሕልሜ ላይ ይመጣል።

እኔ እንደ ወጉ ውጭ ቀረሁ፣ ዋንዛ ዛፍ ሥር። ውስጥ የሆነውን አባ ገሮ ናቸው በኋላ የነገሩኝ።

መቼም ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ ቶሎ አይቀመጥም፣ ወጉ ነው። ግን ሲለመን ይቀመጣል። የእኔዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ!

"ታኣ መሌ! ተቀመጡ እንጂ!" ይላሉ ጋሽ ሙክታር።

"አንቀመጥም!" ይላሉ አጎቴ።

እንዴት ይቀመጡ? የእናትየው ወንበር ሁሉ በጥልፍ ነጭ ዳንቴል ተሸፍኗል!

ጋሽ ሙክታር ልባቸው ተነካ። እንዲህ የሚያከብረኝ ሰው አይቼ አላውቅም አሉ። ከዚያ ስለ ልጃቸው አነሱ። ማታ ማታ በር ሲንኳኳ እሱ እየመሰላቸው እንደሚነሱ ነገሯቸው።

አባ ገሮ ሆደ ቡቡ ናቸው ብያችሁ የለ? አልቻሉም። ሁሉን ረሱና አጠገባቸው ሄደው አቅፈዋቸው ቁጭ አሉ።

ጭቅ!

ዳንቴሉ ላይ።

እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም። ዋንዛዬ ሥር ዱዓ እያደረግኩ ነው። በሩ ተከፈተ። ዘሃራ ወጣች። ዱዓዬን አቋረጥኩ!

በእጇ ሁለት ሱሪ ይዛለች። የማውቃቸው ሱሪዎች! አንዱ ነጭ፣ አንዱ ካኪ።

እኔን ሳታየኝ የመንገዱ አጥር ላይ አሰጣቻቸው። እጥፋቱን በእጇ ዘረጋጋችው። ተመልሳ ገባች።

እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ! ሽማግሌ ልኬ ሱሪ ተመለሰልኝ! የሰው ልጅ እምቢ ይባላል፣ እሺ፤ ሱሪ ተወልቆ እምቢ የሚባል ግን የት አገር ነው?

አለቀልኝ ብዬ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ምን ይደበቃል፣ አለቀስኩም።

እዚያ እንደተቀመጥኩ አደ ፋጡማ የሚባሉ ጎረቤታቸው በዚያ ሲያልፉ አጥሩን አዩ። ቆሙ። አንገታቸውን አስገብተው በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አዩ። ሁለቱ ሽማግሌ ሱሪያቸው እስኪደርቅ የጋሽ ሙክታርን ሽርጥ አገልድመው ተቀምጠዋል።

አደ ፋጡማ ሌላ ማስረጃ አልፈለጉም።

"እልልልልል!"

ሰፈሩ ወጣ! ሴቶቹ እልልታውን ተቀበሉ! ጋሽ ሙክታር ግራ ገብቷቸው ሮጠው ወጡ፤ ከኋላቸው አጎቴ፣ ከአጎቴ ኋላ አባ ገሮ፣ ሽርጡ አልዞር ብሏቸው በአንድ እጃቸው ጨብጠው።

"ምንድነው? ማን ምን አላችሁ?"

"እንኳን ደስ ያላችሁ!" አሉ አደ ፋጡማ። "ሱሪውን አውልቆ ሽርጥህን ያገለደመ ሰውማ ቤተሰብ ነው መሌ!"

ጋሽ ሙክታር ወደ እኔ መጡ። የመኪናዋን በር ከፍተው ጆንያውን ዳሰሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እርጥብ ጆንያ ማለት ለእሳቸው ነውር ነው።

"ጆንያ አርሰህ ነው ሽማግሌ የምትጭነው?"

"እንዳይሞቃቸው ብዬ ነው ጋሼ። ትነት... ውሃው በሚተንበት ጊዜ ሙቀቱን ይዞ..."

አስተማርኳቸው! በሕይወቴ ትልቁ ቀን፣ ዓይኔ እንባ እንዳቀረረ፣ ስለ ትነት ሌክቸር ሰጠሁ!

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ከሆዳቸው የሆነ ነገር ተነሳ። ሳቁ! መኪናዋን ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እናትየው በር ላይ ቆመው አፋቸውን ይዘው አለቀሱ። ልጃቸው ከሄደ ጀምሮ ባለቤታቸው ሲስቁ ሰምተው አያውቁም ነበር።

ጋሽ ሙክታር ዓይናቸውን ጠረጉና ለአጎቴ እንዲህ አሉ።

"ይሄ ልጅ በዚህች መኪና የትም አይደርስም። እሺ፣ ሰጥቻለሁ።"

እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ይሄን ታሪክ ስጎርርበት ኖርኩ። "በሳይንስ ሚስት ያገባሁ ሰው ነኝ!" እያልኩ። ጎረቤት አላመለጠኝም፣ ተማሪ አላመለጠኝም፣ ልጆቼማ በቃላቸው ይሉታል።

ዛሬ ምሳ ላይ አዲሱ አማቻችን የመኪናዬ ኤሲ ተበላሸብኝ ሲል ሰማሁ። በቃ፣ ጀመርኩ! ጆንያ፣ ትነት፣ ኬላ፣ እልልታ።

ዘሃራ ሩዝ እያቀረበች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ በዚያ ለስላሳ ድምጿ እንዲህ አለች።

"በነገራችን ላይ፣ ያኔ ጓሯችን ውስጥ የልብስ ማስጫ ገመድ ነበረን እኮ።"

ማንኪያዬ አየር ላይ ቀረ።

"ሱሪ መንገድ ላይ አጥር ላይ የሚያሰጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ያውም የእንግዳ ሱሪ? አደ ፋጡማ በዚያ ሰዓት ከገበያ እንደሚመለሱ አውቅ ነበር። እልል ሳይሉ እንደማያልፉም አውቅ ነበር። የሳሎኑን በር ማን ክፍት የተወው ይመስልሃል?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ! ከሁሉ በላይ የሳቀብኝ ወንድሟ ነው። (አዎ፣ ያ ወንድሟ! አልሐምዱሊላህ፣ ከሠርጋችን በኋላ በእግሩ መጥቶ በሩን አንኳኳ። ዛሬ ከእኔ የበለጠ ሩዝ የሚበላው እሱ ነው።)

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። "ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ደስ ብሎህ ስታወራው ምን ብዬ ላቋርጥህ?" አለች፤ ሩዝ ጨመረችልኝ።

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያን ቀን ጠዋት ትፈልገኝ አትፈልገኝ አላውቅም ነበር። ከዚያም በኋላ አልጠየቅኳትም፤ ፈራሁ መሰለኝ። አባቷ ሰጡኝ፣ እሷም ለመደችኝ ብዬ ነው የኖርኩት። ልጆች ወልደን፣ ፀጉራችን ነጭ ሆኖ፣ ይቺ ጥያቄ አንድ ቦታ ትወጋኝ ነበር።

ዛሬ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ይሄንንም የምጽፈው እዚያው ሆኜ ነው፤ የልጅ ልጄ በሩን እየደበደበ ነው።

እና ፍረዱኝ እስቲ! ለካ እኔ ሚስት ፍለጋ ስንከራተት፣ ሚስቴ እኔን አግብታኝ ጨርሳ ነበር። ታዲያ እኔ የሳይንስ መምህሩ ምኑን ነው ሳስተምር የኖርኩት?