የሳንቲሙ እሳት ጠበቃ

ሻጭ የሌለበት ገበያ ይገኝ ይሆናል፤ ሁሉን እኔ ካላረምሁ የሚል ሰው የሌለበት ገበያ ግን ገና አልቆመም። የፋርሷ ከተማ የኢስታኽር ገበያ ዕጣ ፈንታ ክቡር ማህዳድ ናቸው፤ ድራም በሚባለው የብር ሳንቲም ላይ ለተቀረጸው እሳት ጠበቃ የቆሙት።

ክቡርነታቸው ድራም ሲቀበሉ የንጉሡን ፊት ቁብ አይሰጡትም። ገልብጠው መሠዊያውን፣ ነበልባሉን፣ ግራና ቀኝ የቆሙትን ሁለት ጠባቂዎች ይመረምራሉ፤ ያውም ትንፋሻቸው እሳቱን እንዳያረክስ፣ ቅዱሱን እሳት እንደሚያገለግል ካህን አፋቸውን በጨርቅ ሸፍነው። ዓሣ ሻጩ በእርጥብ እጁ ድራም ቢመልስላቸው፣ «እሳት ላይ ውኃ ታፈሳለህ?» ብለው ዓሣው እስኪሸት አቆሙት። ብሩን በጥርሱ የፈተነ ነጋዴማ እስከ ዛሬ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል።

ከሁሉ አብልጣ የምትሸሻቸው ዳቦ ጋጋሪዋ ዴናግ ነበረች። አንድ ማለዳ ግን መሸሻ አጣች። ሕፃኗን ስታባብል አድራ እንቅልፍ ጥሏት፣ የምድጃዋ እሳት ጠፍቶ አገኘችው። ያንን ፍም በሠርጓ ዕለት ያመጡላት አማቷ ናቸው። «ይህ የጠፋ ቀን ልጄን ይዤ እሄዳለሁ» ብለዋት ነበር፤ የሚመጡትም ያን ዕለት ነው። ጎረቤት ፍም ብትለምን ወሬው ከእሳቱ ቀድሞ ይደርሳል።

ማህዳድ ከተፍ ያሉት ይኼኔ ነው። ትናንት የመለሰችላቸው ድራም እሳቱ ስለተፋቀ ሊገስጿት ነበር። አመዱን አዩ። አፋቸውን ሸፈኑና ፈጥነው ወጡ። ዴናግ፣ አሁን ገበያው ሁሉ ሰማ ብላ ሕፃኗን አቀፈች።

ሲመለሱ ከካባቸው ሥር የሸክላ ድስት ይዘዋል፤ ከራሳቸው ምድጃ የተጫረ ፍም። ነበልባሉ ቀና ሲል አማቲቱ በር ላይ ደረሱ።

«ይህ ሰውዬ ምን ይሠራል እዚህ?»

ዴናግ ደነገጠች፤ ማህዳድ ቢገድሏቸው አይዋሹም።

«ስለዚች ድራም ልገስጻት ነው የመጣሁት፣ እሜቴ» አሉና ጀመሩ። ስለ መሠዊያው፣ ስለ ጠባቂዎቹ፣ ስለ ዘመኑ ቅርጽ አውጪዎች ስንፍና ተናገሩ፤ ተናገሩ። አማቲቱ ለጥያቄ ፋታ ቢያጡ፣ «ተወኝ እባክህ! ምድጃዋን አታይም? እሳት አያያዝ ከምራቴ ተማር» አሏቸው።

«እማራለሁ፣ እሜቴ።»

ዴናግ ተግሣጽ እንዲህ እንደሚጣፍጥ አታውቅም ነበር። ከምድጃው የወጣውን የመጀመሪያ ዳቦ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

ክቡርነታቸው አገላብጠው አዩት። «ጠርዙ አርሯል» አሉ፤ በሉትም።