ለምራቴ ላስተረጉም ክሊኒክ የሄድኩ ቀን

ሥጋት ደመወዝ ቢከፈልበት ኖሮ እኔ ዛሬ ዌስትላንድስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ፎቅ ይኖረኝ ነበር። ዕድሜ ሲገፋ የሚያሰጋ ነገር ይቀንሳል ብላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ከአሁኑ ተስፋችሁን ብትቆርጡ ይሻላችኋል። ለራሴ መስጋት ስጨርስ ለልጄ፣ ለልጄ ስጨርስ ለልጅ ልጆቼ ቀጠልኩ። በሉፕ እሰጋለሁ ብዬ ግን አስቤም አላውቅ።

ምራቴ ሰናይት ሁለተኛ ልጇን ወልዳ እያጠባች ነበር። ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ የወሊድ መከላከያ ክኒን ስትጀምር ወተቷ ነጥፎ፣ ልጁ በቆርቆሮ ወተት ነው ያደገው። አሁን ቶሎ ማርገዝም አልፈለገችም፣ ወተቷም እንዲቋረጥ አልፈለገችም። ጎረቤቷ ማህፀን ውስጥ ስለሚቀመጠው ሉፕ ነገረቻት። ከመዳብ መሠራቱን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። መዳብ ሲቆይ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ሕፃኗ ያንን ብትጠባውስ? ልጄን "ትንሽ ቆዩ" አልኩት። እሱ ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ እኔ ካልፈቀድኩ ሶፋ እንኳ አይለውጥም።

አንድ ጠዋት ሰናይት፣ "አባባ፣ ልጅዎ ምግብ ቤቱን ጥሎ መሄድ አይችልም። እስቲ ፓርክላንድስ ክሊኒክ ይዘውኝ ይሂዱ፤ የዚህ አገር ስዋሂሊ ስለማይገባኝ ያስተረጉሙልኛል" አለችኝ።

እስቲ አስቡት። አማቷ ፊት ቀና ብላ የማታወራ ሴት ስለ ማህፀኗ በአማቷ አፍ ልትናገር ነው! ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ እሷ በአንዱ መስኮት፣ እኔ በሌላው እያየን ደረስን።

"ወተቴን ያደርቀዋል ወይ ይበሉልኝ" አለች ሰናይት፣ ግድግዳውን እያየች።

ተረጎምኩ። ነርሷ፣ "ሆርሞን የለበትም፤ ወተቷን አይቀንስም" አለች።

እኔም ቀጠል አድርጌ፣ "መዳቡ ዝጎ ወተቱ ውስጥ አይገባም ወይ ትላለች" አልኩ።

"ምዜ፣ ሽማግሌው፣ እናትየዋ እኮ አፏን አልከፈተችም!" ነርሷ ሳቀች። ግን አላሳፈረችኝም። የሉፑን ናሙና መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ እንደ ክር የቀጠነ ሽቦ የተጠመጠመበት ትንሽ ፕላስቲክ ነው። የሚያጠቡ እናቶች እንደሚጠቀሙበት፣ ሕፃኗን እንደማይጎዳ፣ የወር አበባዋ ሲመለስ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊበዛና ሊያማት እንደሚችል፣ ትኩሳት ወይም ከባድ ሕመም ከመጣ ሳትውል ሳታድር እንድትመለስ ነገረችን።

ማንም ሳይጠይቀኝ "ይሁን" አልኩ። ሰናይት ሕፃኗን አስታቅፋኝ ገባች።

ስትወጣ ከነርሷ ጋር ስለ ቀጠሮዋ እያወሩ ይሳሳቃሉ። በስዋሂሊ። ያውም ከእኔ በተሻለ ስዋሂሊ።

"አይገባኝም አላልሽም?" አልኳት።

"እኔማ ይገባኛል፣ አባባ። እርስዎ እንዲገባዎት ብዬ ነው" አለችና ልጇን ተቀብላ ማጥባት ጀመረች።

ልጄ ከሥራ ሲመለስ፣ "አባባ፣ በሉፑ ነገር ምን ወሰኑ?" አለኝ። ሰናይት አቀርቅራ ዳይፐር ታጥፋለች።

ጉሮሮዬን ጠራረግኩና፣ "በደንብ አስቤበታለሁ፤ ፈቅጃለሁ" አልኩት።

ያለቀ ነገር መፍቀድ እንዴት ደስ ይላል!