ከሐይቁ የወጣው ቅሪተ አካል

«አቁሙት!» አለ ሳሙኤል። ያቆመ የለም።

የብረቱ ቧንቧ እየተንቀጠቀጠ ከሐይቁ ሆድ ወጣና የጎረሰውን ጥቁር ጭቃ መድረኩ ላይ ዘረገፈው። መድረክ የምላችሁ በበርሜሎች ላይ የተረበረበ ጣውላ ነው። እኔ ከጎኑ ታንኳዬ ላይ ነበርኩ፤ ሠራተኞቹን ከዳር ወደ መድረክ፣ ከመድረክ ወደ ዳር ማመላለስ የኔ ሥራ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ማዕድን ፈላጊዎች መጥተው ጉማራ ወንዝ ጣና በሚገባበት በኩል የሐይቁን ወለል ይበሱ ነበር። ምን እንደሚፈልጉ አልነገሩንም። እኛም አልጠየቅን። ጥያቄ የሚያበዛ ሰው በዚያን ጊዜ ሰፈሩ ውስጥ ብዙ አይቆይም ነበር።

ከጭቃው መሃል ጉልበት የመሰለ ነገር ብቅ አለ። ጥቁር፣ አንድ ጫፉ ድቡልቡል፣ ሌላው የተሰበረ። ሳሙኤል፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ባለመነጽር የድንጋይ አዋቂ፣ ተንበርክኮ በሸሚዙ ጠረገው።

«ምንድን ነው?» አለ የመሰርሰሪያው አለቃ።

«ቅሪተ አካል ነው። ከሥሩ ሌላም ይኖራል። እዚሁ ከቀጠልን ብረቱ ይፈጨዋል።»

«እኛ የመጣን ለማዕድን ነው፣ ለአጥንት አይደለም። ነገ ጠዋት እዚሁ ነን።»

በቃ። ሳሙኤል አጥንቱን ከጣውላው ጥግ አስቀመጠው።

ነገሩ የተበላሸው፣ ወይ የተቃናው፣ በዚያች ቃል ነው። እናንተ የተማራችሁት ቅሪተ አካል ሲባል ሌላ ነገር ይታያችሁ ይሆናል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ግን ቃልን እንደወረደ ነው የሚሰማው፤ የቀረ አካል። የማን? እኛ ዘንድ በሬ ሲሞት ጥምብ ነው፤ አካል ያለው ሰው ነው።

ታንኳዬ ላይ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር አስማረም ነበር፤ ሥራውን ሊጎበኝ መጥቶ። አስማረ አዲስ ቃል ከሰማ ሳይናገረው አያድርም። ወረታ ለስብሰባ በሄደ ቁጥር አንድ ቃል ይዞ ይመጣል፣ እኛም ትርጉሙ ሳይገባን እናጨበጭባለን። ዳር ሳንደርስ ከታንኳው ተነሥቶ ቆመ።

«ቅሪተ አካል ተገኝቷል!»

ዳር ላይ የታንኳ ደንገል ከሚያጭዱት ሴቶች አንዷ ማጭዷን ጣለች። አትጠገብ ናት፣ የታናሽ ወንድሜ የታደገ ሚስት። ታደገ ከዓመታት በፊት እህል ጭኖ ሲሻገር እዚያው የሚበሱት ቦታ ላይ ነፋስ ገለበጠው። ታንኳው ተገኘ፣ እሱ ግን አልተገኘም። ሌሎቹ ሴቶች በዓመት በዓል ወደ ባሎቻቸው መቃብር ሲሄዱ እሷ ፊቷን ወደ ውሃ አዙራ ትቀመጣለች። የምታለቅስበት አፈር እንኳ አልነበራትም።

«ዋርሳዬ፣ እውነት ነው?»

ዝም አልኩ።

«ነገም እዚያው ሊበሱ ነው?»

ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ሰው አዎ ያልኩ ይመስለዋል። ሚስት ያገባሁትም እንዲሁ ነው።

«ወንድምዎን ሊበሱት! እርስዎም ታንኳ እየቀዘፉላቸው!»

ያን ቀን መቀመጫ አጣሁ። ታንኳዬን ገለበጥኩ፣ መልሼ አቀናሁ። የማይፈታ ገመድ ፈታሁ። እራት ቀርቦልኝ ከብቶቹን ላይ ብዬ ወጣሁ፤ ከብቶቹም «ምን ሆነ ይሄ ሰው?» ብለው ሳይሆን አይቀርም ቀና ብለው አዩኝ።

ሲነጋ ዳሩ ሰው በሰው ሆኗል። ይፋግ ገበያ የሚሄደው አህዮቹን ይዞ ተመልሷል፤ ከወረታ እስላም ነጋዴዎች ሳይቀሩ ሱቃቸውን ዘግተው ለቅሶ ደርሰዋል። መምሬ ውብነህ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ቆመዋል። አትጠገብ ደረቷን ትመታለች።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አለ አለቃው።

«ጓድ» አለ አስማረ፣ «ሰፊው ሕዝብ ቅሪተ አካሉን ይጠይቃል።»

አለቃው ወደ ሳሙኤል ዞረ። «ንገራቸው እንጂ!»

ሳሙኤል መነጽሩን አወለቀ፤ ሲጠርገው ቆየ፤ መልሶ አደረገው። «ቅሪተ አካል መሆኑን ትናንት ተናግሬአለሁ። የምጨምረው የለኝም።»

መምሬ ውብነህ «ተባረክ ልጄ» አሉት።

አለቃው ወረታ ካሉት ሹሞች ዘንድ ሰው ላከ። መልሱ አጭር ነበር፤ ሕዝብ ከሚነሣ በርሜሉ ይነሣ። በርሜሉ ተነሣ። ከዚያ ቦታ እንዳይቆፈር፣ መረብም እንዳይጣል ተባለ፤ ነጭ ጨርቅ የታሰረበት የባሕር ዛፍ አጣና ለምልክት ተተከለ። የባለሙያ ቃል ያላቆመውን ብረት የሴት እንባ አቆመው።

ሳሙኤልን ለመጨረሻ ጊዜ ሳሻግረው ከመሃል ላይ ጎንበስ አለልኝ።

«አያ ደሴ፣ የጉማሬ ነው። ዘመኑ አይቆጠርም፣ ድንጋይ ሆኗል። ልወስደው ነበር፤ ግን እሱን ብወስድ የቀረውን ይፈጩታል።»

መቅዘፌን አቆምኩ።

ጉማሬ! በየዓመቱ ውሃው ከሸሸበት መሬት ላይ የዘራነውን ሽምብራ የሚጨርስ ዘር! በዚያው ቀን ሳሙኤል ትቶልን የሄደው አጥንት በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ፍትሐት ተደረገለት። የተሸከሙት ሰዎች ክብደቱን አይተው «ታደገ በቁሙም ከባድ ሰው ነበር» ተባባሉ። ታደገ እቴ! ነፋስ የሚወስደው ሰው ነበር፤ ወሰደውም። እግዚኦታው ሲደርስ እግሬ አልረጋ አለ። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ብናገር ይቺ ሴት ያገኘቻትን አፈር ልቀማት ነው፤ በርሜሉም ይመለሳል። ዝም ብል ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ለጉማሬ ልታለቅስ ነው።

ሰው ሲበተን እሷ መቃብሩ አጠገብ ቀረች። ሁለቴ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቆርጬ ቀረብኩ።

«አትጠገብ፣ ያ የቀበርነው ነገር...»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ዋርሳዬ፣ የባሌን ጉልበት እኔ አጣዋለሁ? እሱ እዚያው ውሃው ውስጥ ነው፤ አሁን የሚበሳው የለም። እርስዎ ዝም ማለት ያውቁበት የለ፣ ዝም ይበሉ።»